መኪናዬን ወባ ያዛት

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሻወር ውስጥ ትዝ ይለኛል። ቀይ መብራት ላይ ትዝ ይለኛል። ጋቢ የለበሰ ሰው ሳይማ ፊቴን አዞራለሁ።

የ1972 ሼቬል መኪና አለችኝ። ቀይ፣ 8 ሲሊንደር፣ 350 ሞተር። የጎደላት ድምፅ ብቻ ነበር። ያ ቆማ እንኳ "ዱብ... ዱብ-ዱብ... ዱብ" የሚለው፣ መንገደኛ የሚያስዞረው ድምፅ። እሱ ደግሞ የሚመጣው ከካምሻፍቱ ነው፤ ባጭሩ ካም፣ የሞተሩን የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሮች፣ ቫልቮላዎቹን፣ የሚከፍትና የሚዘጋው ዘንግ። ስለዚህ ካም ሻጮቹ ጋ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሳው ሰውዬ ጥያቄ አበዛብኝ። መኪናዋ ስንት ትመዝናለች? ዲፈረንሻሉ ስንት ነው? ኮምፕረሽኑስ? ፍሬኑ በቫኪዩም የሚታገዝ ነው? የምትነዳው የት ነው? የቪዛ ቃለ መጠይቅ መሰለኝና ዋሸሁ።

እውነቱን ብናገር ኖሮ ኮምፕረሽኑ 8.5 ለ 1፣ ዲፈረንሻሉ 2.73፣ መንገዱም ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እስከ ሥራ ነው። እንዲህ ላለው መኪና 215 ዲግሪ አካባቢ ካም ይበቃዋል። እኔ 240 አዘዝኩ። ዲግሪው ቫልቮላው ምን ያህል ተከፍቶ እንደሚቆይ የሚናገር ቁጥር ነው። ግን ዲግሪ ሲበዛ የሚጠላ ሐበሻ አይታችኋል?

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ጓደኛዬ ነው የገጠመልኝ። ካርቶኑን አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ "ይሄ ሚኒሞ አይዝም" አለኝ፤ ነዳጅ ካልረገጥክ ሞተሩ ረግቶ አይዞርም ማለቱ ነው። "ድምፁን ስማው እንጂ!" አልኩት። ሰማው። ጎረቤቶቼም ሰሙት።

ቅዳሜ ክርስትና ነበር። እትዬን እንዳደርሳቸው ታዘዝኩ። እትዬ አክስቴ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሁመራ ድሬሰር ነበሩ። ጭናቸው ላይ የዶሮ ወጥ ድስት፣ በላዩ ላይ ለአራሷ የያዙት አዲስ ጋቢ።

ጆርጂያ አቬኑ የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ቆምን። ፍሬኑ ድንጋይ ሆኖ ነው የቆምነው፤ ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ መሳብ፣ ቫኪዩሙ፣ በትልቁ ካም ምክንያት ከ18 ወደ 8 ወርዷል፣ የሚያግዘኝ የለም፣ በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሚኒሞ ላይ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮላ አብረው ተከፍተው ስለሚቆዩ የተቃጠለው ጭስ ወደ አዲሱ አየር ይገባል፣ ሞተሩም አንዱን ይተኩሳል፣ አንዱን ያልፈዋል። ለእኔ ሙዚቃ ነው። ድስቱ ውስጥ ግን 12 እንቁላል አለ። ክዳኑ "ቅጭል ቅጭል" ይላል፣ እንቁላሎቹ ከሥር ይመልሱለታል።

እትዬ ድስቱን አዩት። ዳሽቦርዱን አዩት። መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ጫኑ፤ የልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ።

"የኔ ልጅ፣ ብርድ ብርድ ብሏታል።"

"ድምፁ ነው እትዬ፣ ሆን ተብሎ ነው።"

"ሰዓት ጠብቆ ነው የሚነሳባት?"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ስንሄድ መንቀጥቀጡ ቀለል አለ። ቀጣዩ መብራት ላይ ደግሞ አገረሸ።

"አየህ? ስትሄድ ይተዋታል፣ ስታርፍ ይነሳባታል። ወባ ነው።"

እናም ጋቢውን ፈትተው ዳሽቦርዱን አለበሱት። ዝም ብሎ ጣል አይደለም። ጥለቱን አስተካክለው፣ ጥጉን በአየር ማውጫው ጠቅጥቀው፣ የአራስ አልጋ አስመስለው። የፍጥነት መቁጠሪያው ተሸፈነ። ቫኪዩም መለኪያው ተሸፈነ። ጎናችን አውቶቡስ ቆሟል፤ ተሳፋሪው በሙሉ ወደ መስኮት ዞሯል። አንድ ሕፃን ጣቱን ቀሰረብኝ። በዚህ ካም ሞተሬ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ ካልሆነ አይነቃም፤ በ35 ማይል ስሄድ ግን 1,200 ብቻ ነው የሚዞረው። አፈትልኬ እንዳልጠፋ እንኳ አቅም የለኝም። ጋቢዋን እንደለበሰች፣ እየተንቀጠቀጠች፣ በሽተኛ ይዤ ሆስፒታል እንደምሄድ ሰው ክርስትናው ቤት ደረስኩ።

በር ላይ ጠፋች። አራት ወንዶች ገፏት።

ከዚያ የሚጠበቀው መጣ። "ቶዮታ ብትገዛ ኖሮ።" እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ሐበሻ መሃል ሥራ ብታጣ "ይሳካል" ትባላለህ። ትዳርህ ቢፈርስ "አይዞህ" ትባላለህ። መኪናህ ከቆመ ግን የሚያዝንልህ የለም፤ ሁሉም የራሱን ኮሮላ ማይል ያነብልሃል። አንዱማ አጥሚቱን ይዞ እየተከተለኝ "300,000 ማይል፣ ዘይት ብቻ ነው የቀየርኩት" ይለኛል። እኔ ምን አገባኝ! ኮሮላውን ሰደብኩበት?

እትዬ ግን ተከላከሉልኝ። "ተዉት፣ መኪናዋ አሟት ነው" አሉ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ የማላውቃቸው እናት ክንዴን ይዘው "ይማርልህ" አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ትናንት ትንሹን ካም አዘዝኩ። በዚህኛው ስልክ አልዋሸሁም፤ የመኪናዋን ክብደት ብቻ ሳይሆን የእትዬን ድስትም ጭምር ልነግረው ምንም አልቀረኝ። ማታ እትዬ ደወሉ።

"ተሻላት?"

"ነገ ጠዋት ጓደኛዬ ሞተሩን ከፍቶ አንድ ዕቃ ይቀይርላታል።"

"ኦፕሬሽን ነው በለኛ!"

"እንደዚያ በሉት።"

"ጋቢው ከላይዋ እንዳይነሳ። ደግሞ ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ።"

ቤንዚን ልሞላ ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ነበርኩ። አወለቅኩና ተኛሁ።