ጎንደሬ ቅድመ አያት ሲፈለግ፦ ከስሙ በፊት አጥቢያው

«አያቴ ጎንደሬ ናቸው» ከሚል ቃል ተነስቶ ዘር መቁጠር አይቻልም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጋይንትም፣ ወገራም፣ ጭልጋም፣ ሊቦም የበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች ነበሩ፤ ዋና ከተማው ጎንደር ስለነበር ከዚያ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሁሉ ጎንደሬ ተባለ። ስለዚህ መጀመሪያ አውራጃውን፣ ቀጥሎ አጥቢያውን ይያዙ፦ የየትኛው ታቦት ሰው ነበሩ? የት ተቀበሩ? ከከተማው ከሆኑ ደግሞ ሰፈሩ ብዙ ይናገራል። እጨጌ ቤት (የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር) ግን ያሳስታል፤ የመማፀኛ ሰፈር ስለነበር እዚያ የኖረ ሁሉ የካህን ዘር አይደለም።

አዛውንት ሲጠይቁ «አባታቸው ማን ይባላሉ?» ብቻ አይበሉ። «ርስቱን ከነማን ጋር ይካፈሉ ነበር?» ይበሉ። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ፣ በአባት ስም ብቻ የቆጠረ ሰው ግማሹን ዘመድ ይጥላል። ርስት የቀረው በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ በርስት ሙግት ሽማግሌ ፊት ቆመው ዘር የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ እየቀነሱ ነው። እነሱን ያስቀድሙ፤ የደብሩ መጽሐፍ ይቆያል።

አንድ ሰው ብዙ ስም ይኖረዋል። ካሳ ኃይሉ፣ አባ ታጠቅ፣ አፄ ቴዎድሮስ አንድ ሰው ናቸው። ተራውም ሰው ቢያንስ ሁለት አለው፤ ፍትሐትና ተዝካር የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ጎረቤት የሚያውቀውን ስም ብቻ ይዞ ወደ ደብር የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የመሬት ሽያጭና ስጦታ በደብሩ ወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው፣ ጽሑፉን የሚያነብ መሪጌታ ይዘው ይግቡ። ሻጭና ገዢን አግኝቶ መውጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ እማኞቹንና ዋሶቹንም ይቅዱ፣ ዘመዶቹ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ናቸው። ፊደሉን አይመኑ፤ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ አንድ ስም ነው።

ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበት ሰነድ «በንጉሥ ኢያሱ፣ በዘመነ ሉቃስ» ብቻ ሊል ይችላል። በጎንደር ዘመን ኢያሱ የተባሉ ከአንድ በላይ ነገሥታት ስላሉ፣ አብረው የተጠሩትን ሹማምንት ይዩ፤ እቴጌ ምንትዋብ በገዢነት ከተጠቀሱ ዳግማዊ ኢያሱ ናቸው። ከዚያ በንጉሡ ዘመን ያለውን እያንዳንዱን ዓመተ ምሕረት ለ4 ያካፍሉ፦ ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከሆነ ዮሐንስ ነው። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የሉቃስ ዓመቶች 1723፣ 1727፣ 1731፣ 1735፣ 1739፣ 1743 እና 1747 ዓ.ም. ብቻ ናቸው።

መጽሐፉ ደብሩ ውስጥ ከሌለ ተቃጥሏል ብለው አይቁረጡ። ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ማቃጠላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ቴዎድሮስ ከጎንደር ወደ መቅደላ ያስጫኗቸው መጻሕፍት ነበሩ፤ ከመቅደላም እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 በርካታ ብራናዎች ወስደዋል። የደብሩን ስም ይዘው በለንደኑ የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ብራናዎች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት።