ከደብረ ማርቆስ ላይፕሲግ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ይዤ

የጎረቤታችን ልጅ በመስከረም ጀርመን ልትሄድ ነው። ባሏ ቀድሟት ሄዷል፤ እሷ የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን ይዛ ትከተለዋለች። እኔ ለክረምቱ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ነኝ። ቡና በተፈላ ቁጥር ትመጣና "እስኪ ንገሪኝ፣ አንቺ እንዴት አደረግሽው?" ትለኛለች። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

እኛ ላይፕሲግ የገባነው በጥቅምት 2016 ነው። ባለቤቴ የዶክትሬት ትምህርት አግኝቶ ነበር። ልጃችን ሦስት ዓመት የሞላት ሰሞን ነው። ብርዱን ብዙም አልፈራሁትም፤ የጮቄ ነፋስ ሲመታኝ ነው ያደግሁት። የከበደኝ ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይመሻል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገና አልነጋም። ልጄ እራት ሳይቀርብ "እማዬ መሽቷል፣ እንተኛ" ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱ ነው። እዚያ አገር ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን ለከተማው ማስመዝገብ አለባችሁ። ለዚህ ደግሞ አከራያችሁ "እኔ ቤት ነው የሚኖሩት" ብሎ መፈረም አለበት። የመጀመሪያው አከራያችን አልፈርምም አለን። ምዝገባው ሲቀር ሌላው ሁሉ ተንጓተተ፤ የባንክ ሂሳቡም፣ የልጅ መዋያውም። ሌላ ቤት እስክናገኝ ስድስት ሳምንት አለቀ። ስለ ኪራዩ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይፈርም እንደሆነ ጠይቁት።

ስማችንም አስቸገረን። በፓስፖርታችን የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የእኔ አያት ስም፣ የባሌ አያት ስም፣ የልጄ ደግሞ የእሷ አያት ስም ነው ያለው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ስም። "እውነት ልጅሽ ናት?" ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ያዳነኝ የልደት ምስክር ወረቀቷ ነው፣ የእናት ስም ስላለበት። እሱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የክትባት ካርዷ ነው። ጀርመን ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ የሌለው ልጅ መዋዕለ ሕፃናት አይገባም። ሁለት ዓመት ከሞላው ሁለት ጊዜ መከተብ አለበት። ልጄ ሁለቱንም እዚሁ ጤና ጣቢያ ተከትባለች፣ ስለዚህ ምንም አላሳሰበኝም። ካርዱን ሰጠሁ። ሐኪሟ አየችው፣ ፓስፖርቱን አየች፣ እንደገና ካርዱን አየች። የመጀመሪያው ኩፍኝ "18/11/2013" ይላል። እኛ ሐምሌ 18 ነው የምንለው። እሷ ያነበበችው ኖቬምበር ነው። ፓስፖርቱ ልጄ በኦክቶበር 2020 ተወለደች ይላል። በሐኪሟ አቆጣጠር ልጄ ከመወለዷ ሰባት ዓመት በፊት ተከትባለች ማለት ነው።

ፊቴ ጋለ። የተጭበረበረ ወረቀት ይዤ የመጣሁ መሰለኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን አስረዳኋት፣ ግን ቃሌ ብቻ አልበቃም። ቀኖቹን አንድ በአንድ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መልሰን በሕጋዊ ተርጓሚ እስክናስተረጉም ሌላ ሦስት ሳምንት ሄደ። ይህ እዚህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካርዱን ወደ ጤና ጣቢያው ይዛችሁ ሂዱ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝኛ አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱበት።

በመጨረሻ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። "ኪታ" ነው የሚሉት። እዚያ ልጅን በር ላይ አስረክቦ መሄድ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጥግ ላይ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ለደቂቃዎች ውጪ አሉኝ። እኔ ያደረግሁት እኛ አገር የለመድነውን ነው፦ አሻንጉሊት አሳይቼ፣ አዘናግቼ፣ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ልጄ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። መምህሯ ቆጣ ሳትል አንድ ነገር ነገረችኝ፦ ስትሄጂ ንገሪያት፣ ብታለቅስም ንገሪያት። ሹልክ ካልሽባት ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከአንቺ ላይ ማንሳት ትፈራለች።

ይህን ነው ለጎረቤቴ ደጋግሜ የምነግራት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተደብቄ ወጥቼ አላውቅም። "ምሳ በልተሽ ስትጨርሺ እመጣለሁ" እላታለሁ፤ ሰዓት ስለማታውቅ በምሳ ነው የምነግራት። ሰሃኗ ሳይነሳ በሩ ላይ እደርሳለሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል አለቀሰች። ከዚያ ተወችው።

ሌላው ጭንቄ ቋንቋ ነበር። "ሽንቴ መጣ" ብትል ማን ይሰማታል? አንድ ወረቀት ላይ ሰባት ቃል በላቲን ፊደል ጽፌ ለመምህሯ ሰጠኋት፦ ሽንት፣ ውሃ፣ አመመኝ፣ በቃኝ፣ ራበኝ፣ እማዬ ትመጣለች፣ አይዞሽ። ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ ልጄ ስትወድቅ መምህሯ ሮጣ ሄዳ "አይጾሽ! አይጾሽ!" አለቻት። "ዜድ"ን እንደ "ጸ" ነው የሚያነቧት። ማታ ቃሏን በ"ኤስ" ጻፍኳት፤ በሁለት አናባቢ መሀል ስትገባ እነሱ "ዘ" ብለው ነው የሚያነቧት። ከዚያ በኋላ ጥርት ያለ "አይዞሽ" ሆነ። ልጄ ያን ቀን ማታ "መምህሬ አማርኛ ታውቃለች" አለችኝ። አለቀስኩ።

እኔ ደግሞ የራሴን ስህተት ሠርቻለሁ። ቶሎ እንድትለምድ ብዬ ቤት ውስጥ በዚያ ባልበሰለ ጀርመንኛዬ አወራት ጀመር። ልጅቷ ዝም አለች። ከእኔ ጋር እንኳ ማውራት ቀነሰች። መምህሯ "በራስሽ ቋንቋ አውሪያት፣ ጀርመንኛውን ለእኛ ተይው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ማታ ማታ የእናቴን ተረት አሰማት ጀመር። ከመሄዳችን በፊት ስልኬ ላይ ቀድቼው ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ኢንተርኔት በሌለ ጊዜም የእምዬ ድምፅ አይጠፋም። ለፋሲካ በጀርመንኛ ትመልስላቸው ነበር፤ ከእኔ ጋር ግን በአማርኛ ነው የምትጣላው።

ስለ ስንቅ አጭር ነው። ሽሮና የቡሬ በርበሬ ያለ ችግር ገባልኝ። ቅቤና ቋንጣ ግን ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው። እናቴ ያነጠረችውን ሦስት ኪሎ ቅቤ ኤርፖርት ላይ ሲጥሉት ቆሜ አየሁ። የጤፍ ዱቄት እዚያ ይገኛል፤ ከአዴት ጤፍ ጋር ግን አላወዳድረውም።

ትናንት ከሰዓት ጎረቤቴ በዝናብ መጣች። የልጇን ካርድ በፌስታል ጠቅልላ በነጠላዋ ሥር ይዛዋለች። እናቴ ቡናውን ስትቆላ እኛ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ቀኖቹን እየቆጠርን በእርሳስ ጻፍናቸው። ሁለተኛው ኩፍኝ አልተጻፈም። "ተከትቧል እኮ፣ እኔው ነኝ ያስከተብኩት" አለች። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ መዝገቡን አስወጥተን እንድናይ።