ክሬያቲኒን 1.4 ወይስ 124?

በአምስት ሆስፒታሎች ያሉ የሕክምና ተማሪዎች ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኩላሊታቸው የሚጎዳ ታካሚዎችን እየመዘገቡ ነበር። ፕሮቶኮሉም ሬድካፕ (የጥናት ዳታ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር) ላይ ያለው ቅጽም አንድ ነው። የዳታው የተሟላነት መጠን ከተቀመጠው 95 በመቶ በላይ ሆነ፤ ሆኖም ከአንዱ ሆስፒታል የመጣው የኩላሊት ጉዳት ቁጥር ከሌሎቹ በጣም አነሰ። እዚያ ሕክምናው የተሻለ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር።

አንዷ ተማሪ ጥሬውን ሠንጠረዥ ስትከፍት ግን በአራቱ 88፣ 97፣ 124 እያለ የሚወርደው ክሬያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምር ቆሻሻ) በዚህኛው 1.0፣ 1.1፣ 1.4 ይላል። ላቦራቶሪው ውጤት የሚያወጣው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ሌሎቹ በማይክሮሞል በሊትር። ቅጹ ደግሞ መለኪያ የሚጠይቅ ቦታ አልነበረውም።

ስህተቱ ቶሎ ያልታየው የመስፈርቱ ግማሽ ስለሚሠራ ነው። በካዲጎ (ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ) መስፈርት የሽንት መጠንን ትተን፣ ክሬያቲኒን በ7 ቀን ውስጥ የመነሻውን 1.5 እጥፍ ከሆነ ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 ሚሊግራም (26.5 ማይክሮሞል) ከጨመረ ጉዳት አለ ይባላል። እጥፍ መለኪያ አይመርጥም፤ ከ1.0 ወደ 1.8 የወጣ ታካሚ ተይዟል። በሁለት ቀን ከ1.4 ወደ 1.8 የወጣው ግን አመለጠ። ጭማሪው 0.4 ነው፤ የትንተናው ኮድ የሚፈልገው 26.5። በማይክሮሞል ቢጻፍ ከ124 ወደ 159 ነበር።

ሚሊግራሙን ወደ ማይክሮሞል ለመቀየር በ88.4 ማባዛት ብቻውን አላዳነም። «11» የሚል ቁጥር ኩላሊቱ የደከመ ሰው ውጤት ነው ወይስ ነጥቡ የተረሳ 1.1? መልሱ ያለው ካርዱ ላይ ነው። የጥናት መለያውን ከካርድ ቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ከሆስፒታሉ አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። መዝጋቢዎቹ ግን አታችመንት (በክፍሉ የተመደበላቸውን የልምምድ ጊዜ) ጨርሰው ሌላ ክፍል ገብተዋል። ዝርዝሩ ተቆጣጣሪ ሐኪሙ ዘንድ ባይቀመጥ ኖሮ እነዚያ ታካሚዎች ከጥናቱ ይወጡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅጹ ላይ መለኪያ መምረጥ ግዴታ ሆነ። በማይክሮሞል ከ20 በታች፣ በሚሊግራም ከ20 በላይ ሲገባ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ተማሪው አያሰላም፤ ላቦራቶሪው የጻፈውን እንዳለ ያስገባል፣ ቅየራው ኮዱ ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ ሆስፒታል 5 ታካሚ መዝግቦ ይቆማል፤ ሌላ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳያይ ከካርዱ እንደገና ይሞላል። ይህ የአጻጻፍ ስህተትን ይይዛል፤ የመለኪያን ግን አይዝም፤ ሁለቱም 1.4 ብለው ይጽፋሉና። ስለዚህ ምዝገባው ከመቀጠሉ በፊት የአምስቱም ሆስፒታሎች የክሬያቲኒን ሚዲያን (መሃለኛው ቁጥር) በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይታያል።