ያለ ጭነት ወደ ባሕር

«ስንመለስ ምን ጭነን ነው?»

አባቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይኼን ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ወዳለችው ደሴት፣ ዛንዚባር እንሂድ ብዬው ነበር። እሱ፣ እኔና ባለቤቴ፣ ሰባት ቀን። ባሕር ዳር ቁጭ እንላለን፣ አሳ እንበላለን፣ ውሃ ውስጥ ገብተን ደግሞ አሳ እናያለን አልኩት። ሁለተኛው ቡና ተቀድቶለት ሲኒውን እንደያዘ ዝም አለ። ከዚያ ስለ ጭነቱ ጠየቀኝ።

አባቴ ከኮምቦልቻ አሰብ ሲመላለስ የኖረ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ለእሱ ባሕር ማለት የሚጫንበት ቦታ ነው። ባዶ መኪና ይዞ የሚመለስ ሾፌር ደግሞ ከስሯል።

የኮምቦልቻ ልጅ ከሆናችሁ እንዲህ ዓይነት አባት ወይ አጎት አታጡም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአሰብ ወደ ደሴ ያወጣው መንገድ በእኛ ከተማ ነው የሚያልፈው። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባቴ ስሞቹን ዛሬም ሳይሳሳት በቅደም ተከተል ይጠራቸዋል። የት ጎማ እንደፈነዳበት፣ የት ሻይ ጥሩ እንደነበር ይነግራችኋል። በ77 ድርቅ ጊዜ ገና ወጣት ነበር። ኤንትሬ በሚባለው ከባድ መኪና ስንዴ ከወደብ እየጫነ ቀንና ሌሊት ይነዳ ነበር። ያን ጊዜ ሲያወራ ስለ ባሕሩ አንዲት ቃል አይወጣውም። ወደቡ ላይ ተራ ይጠብቃሉ፣ ከሙቀቱ ሸሽተው መኪና ሥር ይተኛሉ፣ ተራቸው ሲደርስ ጭነው ይወጣሉ። ወገን እየተራበ ባሕር ማን ያያል? አንድ ቀን ብቻ ፊቱን በባሕሩ ውሃ ታጠበ። ዓይኑን አቃጠለው። ከዚያ በኋላ አልነካውም። በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፤ እሱም ባሕር ዳግመኛ አላየም።

ይኼን ካወቅኩ በኋላ ነው ጉዞው የተቆረጠልኝ። ይኼ ሰው ባሕርን አንድ ጊዜ ያለ ጭነት ማየት አለበት።

ዛንዚባርን የመረጥኩት ቅርብ ስለሆነ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሌላው ምክንያቴ አባቴ ባይተዋር እንዳይሆን ነው። የደሴቱ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የምግቡም የመስጊዱም ነገር አያሳስበውም። ቋንቋቸው ስዋሂሊ ከዓረብኛ ብዙ ስለወሰደ ባሕርን ራሱን «ባሃሪ» ነው የሚሉት። ይኼን ስነግረው ፈገግ አለ። ሰዓታቸውን ስነግረው ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ሰዓት ይላሉ። የሰዓት ልዩነት የለን፣ የአቆጣጠር ልዩነት የለን። «እንዲያ ከሆነ ሰዓቴን አልነካም ማለት ነው» አለ። እኔ በልቤ «በቃ፣ ይሄዳል» አልኩ።

ዕቅዱን ለማውጣት መጀመሪያ ወደ አንድ የጉዞ ወኪል ደውዬ ነበር። የላከልኝን ፕሮግራም ሳይ ደከመኝ። አንድ ቀን የቅመም እርሻ፣ አንድ ቀን ደን ውስጥ ጦጣ፣ አንድ ቀን ሁለት ደሴት። በየሁለት ቀኑ ሆቴል መቀየርም አለበት። ይኼ የሾፌር ሕይወት ነው፤ አባቴ ይኼን ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው አንድ አልጋ ይዞ፣ አንድ ባሕር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከሰዓት በኋላ መተኛት መቻል አለበት። ስለዚህ ሰባቱንም ሌሊት አንድ ቦታ ልናድር ወሰንን። ሌላ ቦታ የምንሄደው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። አንዱን ቀን የከተማውን አሮጌ ሰፈር፣ ስቶን ታውንን እናያለን፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ሌላውን ቀን በጀልባ ወጥተን ኮራል፣ ያን አሳ የሚሰበሰብበትን ዓለት መሳይ የባሕር ውስጥ ፍጥረት፣ እናያለን። የቀረው ቀን ባዶ ነው፤ ሆን ብዬ ባዶ ያደረግኩት።

ጊዜው ራሱ መረጠልን። እዚያ ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ኅዳር አካባቢ ደግሞ አጭር ዝናብ አለ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ልብ በሉ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ጉም ውስጥ ጠፍታ፣ ጦሳ ተራራ የት እንዳለ እንኳ ሳይታይ፣ እኛ ጋቢ ደርበን በምንቀመጥበት ወር እዚያ ፀሐይ ነው። ባለቤቴ ደሴ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ይኼን ስትሰማ ሌላ ማስረጃ አልጠየቀችም። ነሐሴ ተባለ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የትኛው ዳርቻ የሚለው ነው። እኔ የባሕር ውሃ እንደ ሐይቅ ባለበት የሚቆም ይመስለኝ ነበር። አይቆምም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ዛንዚባር ላይ የከፍታው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በደሴቱ ምሥራቅ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት ዳርቻዎች፣ መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል። ሴቶች በዚያ ሰዓት እየገቡ የሚያለሙት የባሕር ተክል አለ፤ ለሽያጭ የሚያደርቁት። ለማየት ያምራል። ለመዋኘት ግን ውሃው እስኪመለስ ሰዓታት መጠበቅ ነው። አባቴ ደግሞ ተራ መጠበቅ ይበቃዋል። በሰሜን በኩል ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ በማንኛውም ሰዓት መግባት ይቻላል። ኬንድዋ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ነሐሴ ላይ ከሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስም ይከለላል። ኬንድዋ ብዬ ዘጋሁት።

ቀኑን የቆረጠው አባቴ ነው። የውሃው መሸሽና መመለስ ከጨረቃ ጋር እንደሚሄድ ነገርኩት። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ልዩነቱ ይበረታል፤ በመካከል፣ ግማሽ ስትሆን፣ ይቀንሳል፤ ውሃውም እንደዚያ አይጎትትም። አባቴ ጾሙንም በዓሉንም በጨረቃ የሚቆጥር ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ሄደ፣ በጣቱ እየቆጠረ ወረደ፣ አንድ ሳምንት ላይ ቆመ። «ጨረቃዋ ሰባት ስምንት የምትሆነው እዚህ ጋ ነው። በዚህ እንሂድ።» በኋላ ስልኬ ላይ አረጋገጥኩት። ልክ ነበር።

አሁን ስለ ስኖርክል። ስኖርክል ጠልቆ መግባት አይደለም። በደረት ተንሳፍፎ፣ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን ማስክ አድርጎ፣ አፍ ውስጥ በሚያዝ ቱቦ እየተነፈሱ ወደ ታች ማየት ነው። ዋና በደንብ ያልቻለ ሰውም ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ የሚችል ሰው አጠገቡ ሆኖ ያየዋል። የመጀመሪያውን ማስክ አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ግቢያችን ውስጥ ሳፋ ሙሉ ውሃ አቅርቤ፣ የሰፈሩ ልጆች ዙሪያዬን ቆመው፣ ፊቴን ነከርኩ። እስከ ሦስት ሳልቆጥር በአፍንጫዬ ገባ። ጠርዙ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር፣ ፊት ላይ አይለጠፍም። ሁለተኛውን ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ፤ ጠርዙ ለስላሳ ሲሊኮን፣ ፊቱ ጠንካራ መስታወት። ስትገዙ እንዲህ ሞክሩት። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጠፍ አድርጉትና በአፍንጫችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ልካችሁ ነው። አዲስ ማስክ ውስጡ ስስ ቅባት ስላለው በጥርስ ሳሙና ቀስ አድርጎ ማሸት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በጉም ይሞላል። ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ምራቅ ቀባ አድርጎ ማለቅለቅ። ባለቤቴ ይኼን ስትሰማ ፊቷን አዞረች፣ ግን ይሠራል።

ሐኪም ቤቱን አትዝለሉት። አባቴ 68 ዓመቱ ነው፣ ግፊትም አለበት። ስኖርክል ቀላል ይመስላል እንጂ በቱቦ መተንፈስ ልብን ያሠራል። ተመርምሮ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ከዳር ሳይርቅ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይችላል ተባልን። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መከተብ ነው። ዕድሜው ከ60 ካለፈ ግን ክትባቱ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ሐኪም ይወስን። ዛንዚባር ከመስከረም 2017 ጀምሮ የራሷን የጉዞ መድን ታስገዛለች፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ፤ ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች።

ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ቀረ። አባቴ ፊቱን ውሃ ውስጥ ይነክራል ወይ? አሰብ ላይ ዓይኑን ያቃጠለው ውሃ አልተረሳውም። ዛንዚባር ደርሰን እምቢ ከሚል እዚሁ እንሞክር ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወዲያ ወዳለችው ሐይቅ ከተማ ይዤው ሄድኩ።

በጠዋት ተነሳን። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ አባቴ እንደ ልማዱ በየመታጠፊያው በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ይጫናል። ደሴ ቧንቧ ውሃ ጋ ሻይ ጠጣን። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው በባጃጅ ወደ ውሃው ወረድን።

ሐይቁ ሲገለጥ ሁሌም ይደንቀኛል። ያን ያህል ተራራ መሐል ያን ያህል ሰማያዊ ነገር አይጠበቅም። ማዶ ዛፎቹ መሐል እስጢፋኖስ አለ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዟል። ውሃው መሐሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ስለዚህ ከዳር አልራቅንም። ከባለ ጀልባው አንድ ላይፍ ጃኬት ተዋስን። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ፣ ከዚያ እስከ ወገቡ። ብርድ ነበር። ማስኩን እኔው አጠለቅኩለት። ቱቦውን ነከሰ። እጄን ደረቱ ሥር አደረግኩ፣ በሳፋ ውሃ ልጅ እንደሚያጥብ ሰው።

«በአፍህ ብቻ ተንፍስ፣ አባ። ቀስ እያልክ።»

ነከረ። ወዲያው ቀና አለ። ጺሙ ማስኩን አላስጠጋም ብሎ ውሃ አስገብቷል። አፈሰስኩለት፣ አጠበቅኩለት። እንደገና ነከረ። በቱቦው ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ እየረዘመ። ትከሻው ላላ። እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ዘረጋ፣ አንድ ነገር ሊነካ እንደፈለገ። እኔ ከላይ ሆኜ ጥላውን ብቻ ነው የማየው። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ቆየ። እጄን እንዳልወስድበት በሌላ እጁ ክንዴን ይዞኛል።

ሲወጣ ውሃ ከጺሙ እየወረደ ዓይኑን ነካካ። ደረቅ ነው።

«ቆሮሶ አሳ አየሁ» አለ። «ትናንሽ። ወደኔ መጡ።» ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «እዚያ ከዚህ ይጠራል ነው ያልከኝ?»

«በጣም።»

ሦስቴ ገባ። ወጥተን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ ባለቤቴ ጋቢውን ደረበችለት። የተጠበሰ አሳ በዳጣ አስመጣን። «አባባ፣ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ» ብትለውም ማስኩን እያገላበጠ ያያል። የጠርዙን ሲሊኮን በአውራ ጣቱ እየጫነ፣ ማሰሪያውን እየሳበ፣ የመኪና ጎማ እንደሚመረምር ሰው። መጨረሻ ላይ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ መለሰልኝ።

«ይኼ ላንተ ይሁን» አለ። «ለኔ ሌላ ፈልግልኝ። ጺሜን አልላጭም።»