ኤትሪ እንዴት ገባሁ፣ እዚያስ ምን ተማርኩ

በቴሌግራም የሚጽፉልኝ ልጆች ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ኤትሪ ለመግባት ሲጂፒኤ ስንት ያስፈልጋል?» ለእያንዳንዱ ስመልስ ከምውል አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ለማያውቀው፣ ኤትሪ የኮሪያ መንግሥት የኤሌክትሮኒክስና የቴሌኮሙኒኬሽን ምርምር ተቋም ነው። ያለው ዴጆን ከተማ ነው፣ ከሴኡል በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ። መሠረቱ የተጣለው በ1976 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከ2,000 በላይ ሠራተኛ አለው። ሰፈሩ ዴዶክ ይባላል፣ ከ1973 ጀምሮ ለምርምር ተብሎ የተከለለ ነው። በአንዱ ጎዳና ስትሄድ በግራም በቀኝም የመንግሥት ላቦራቶሪ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰፈሩ ጭር ይላል፣ ካፌ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም።

ብዙዎቹ የሚስቱት ነገር እዚህ ጋ ነው። ኤትሪ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ራሱ ዲግሪ አይሰጥም። ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኤስቲ የሚባል፣ በ2003 የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎቹን በመንግሥት የምርምር ተቋማት ውስጥ ይመድባል። ኮርስ ትወስዳለህ፣ ቀኑን ግን የምታሳልፈው ላብ ውስጥ ከተመራማሪዎች ጋር ነው። አማካሪህም የተቋሙ ተመራማሪ ነው። የወር አበል ይከፈልሃል። ስለዚህ ሲያመለክት «ትምህርት ቤት ልገባ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰውና «ሥራ ልገባ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው የሚጽፉት ደብዳቤ አይገናኝም።

እኔ የጀመርኩት ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከፕሮጀክቱ ነው። ሀገር ቤት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ጨርሼ የሞባይል ታወር በሚተክል ኮንትራክተር ስር እሠራ ነበር። አንቴና ማዞር፣ ሲግናል መለካት፣ ሪፖርት መጻፍ። የገመድ አልባ ግንኙነት ነገር ልቤን ወስዶት ነበርና ማታ ማታ በነፃ የሚገኙ የምርምር ጽሑፎችን አነብ ነበር። በአንዳንዶቹ ስር የኤትሪ ተመራማሪዎች ስም ይደጋገማል። አንዱን ጽሑፍ መረጥኩና ውስጡ ያለውን አንድ ግራፍ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሠርቼ ለማውጣት ሞከርኩ። መብራት በሄደ ቁጥር ሲሙሌሽኑ ይቋረጣል፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል። በመጨረሻ ወጣልኝ።

ኢሜይሉ አጭር ነበር። ጽሑፍዎን አነበብኩ፣ ይህን ግራፍ ደግሜ ሠራሁት፣ አባሪው ላይ አለ፣ እዚህ ቦታ ላይ ግን ይህ አልገባኝም፣ በላብዎ የተማሪ ቦታ ካለ ማመልከት እፈልጋለሁ። በቃ። ስለ ታታሪነቴና ስለ ራእዬ አንድ ቃል የለበትም።

አሁን ያ ነገር ለምን እንደሠራ ከወዲህ ማዶ ሆኜ አየዋለሁ። አማካሪዬ ከኛ አካባቢ የሚመጡለትን ኢሜይሎች አንዳንዴ ወደ እኔ ይልካቸዋል፣ «እስቲ እየው» ይላል። አብዛኞቹ ከአንድ ሰው የተቀዱ ይመስላሉ። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ታላቅ ፍላጎት አለኝ፣ ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ።» የየትኛው ላብ እንደሆነ እንኳ አይለይም። የቀድሞው ተቋም ስም ሳይቀየር የቀረበትም አጋጥሞኛል። እውነት ለመናገር ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጎበዞች እንደሆኑ ሲቪያቸው ይመሰክራል። ደብዳቤው ግን ጉብዝናቸውን አይናገርም።

አማካሪው እንደዚያ የሚመርጠው ክፉ ሆኖ አይደለም። የገንዘቡ አመጣጥ ነው። የኮሪያ መንግሥት ተቋማት ከ1996 ጀምሮ ፒቢኤስ በሚባል አሠራር ሲተዳደሩ ኖረዋል። የተመራማሪው ደመወዝ ሳይቀር ተወዳድሮ ከሚያሸንፈው ፕሮጀክት ላይ ነው የሚሸፈነው፣ ቢያንስ ከፊሉ። የተማሪውም ጉዳይ ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ተማሪ ልቀበል?» ማለት «በዚህ ፕሮጀክት ላይ እጅ የሚሆነኝ ሰው ማነው?» ማለት ነው። በ2024 መንግሥት የምርምር በጀት ሲቆርጥ ጎበዝ አመልካች እያለ «ዘንድሮ ቦታ የለም» የሚል መልስ በዛ። እንዲህ ያለ መልስ ከመጣላችሁ በራሳችሁ አትፍረዱ። በሚቀጥለው ዙር እንደገና ጻፉ።

ሰነዱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን ቶሎ ጀምሩ። በቴምፖ አይሆንም፣ ኦሪጅናል ዲግሪና ትራንስክሪፕት ይፈልጋሉ። ኦሪጅናሉን ለማውጣት ደግሞ የኮስት ሼሪንጉ ዕዳ መዘጋት አለበት። ከዚያ ዲግሪውን ማረጋገጥ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ የኮሪያ ኤምባሲ። አንዱ ማኅተም ከሌላው በፊት አይመታም። እኔ ማኅተም ፍለጋ ያባከንኩት ጊዜ ለቃለ መጠይቁ ከተዘጋጀሁበት ይበልጣል። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ነበር። የተጠየቅኩትም ስለዚያው ግራፍ ነው።

ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ጥበቃዎቹ ላፕቶፔን አስመዘገቡኝ። ኤርፖርት ነው የመሰለኝ። ግቢው ውስጥ ሁሉም ሰው «ባክሳኒም» ነው የሚባለው፣ ዶክተር እንደማለት። እኛ ዘንድ «ጋሼ» እንደምንለው በስም ብቻ የሚጠራ ታላቅ የለም። ምሳ 5፡30 ላይ ነው፣ ሰዓቱ ዝንፍ አይልም። ጾም ላይ ትንሽ ተቸግሬያለሁ። ኪምቺ አትክልት ነው ብዬ ስደሰት፣ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ እንደሚገባበት ነገሩኝ። አሁን የማበስለው ቤቴ ነው፣ ሽሮው ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይመጣል።

አሁን ወደ ሥራው። የተሰጠኝ የመጀመሪያ ነገር አዲስ ሐሳብ አልነበረም። የቆየ የፕሮጀክት ሪፖርት ሰጡኝና «ገጹ ላይ ያለውን ከርቭ አውጣ» ተባልኩ። ሲግናሉ ከኖይዙ አንጻር እየጠነከረ ሲሄድ የስህተቱ መጠን እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳይ ከርቭ ነው። ሠራሁት፣ ቅርጹ ያው ነው፣ ግን የኔ ከሪፖርቱ አንድ ተኩል ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ የሚለካበት ነው) ያህል ወደ ቀኝ ተቀምጧል፣ ማለትም ለዚያው ውጤት የበለጠ ጠንካራ ሲግናል ይፈልጋል። ሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ስላይዱን አሳየሁ። ሀገር ቤት ቢሆን «በጣም ተቀራርቧል» ተብሎ ይታለፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። እዚህ ግን አንድ ባክሳኒም ሁለቱ መስመሮች መሐል ያለውን ክፍተት በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳየ «ይህ ከየት መጣ?» አለ። አለፍ አላለም። ስብሰባው እዚያው ቆመ።

መልሱ የተገኘው ከሪፖርቱ አባሪ ላይ፣ ከሠንጠረዥ ስር በትንንሽ ፊደል ከተጻፈ መስመር ነው። ሪፖርቱ ሲሠራ ተቀባዩ የቻናሉን፣ ማለትም ሲግናሉ የሚያልፍበትን መንገድ፣ ሁኔታ ፍጹም ያውቃል ተብሎ ታስቧል። የኔ ኮድ ደግሞ እንደ እውነተኛ ስልክ ከሚላኩለት የሙከራ ምልክቶች ተነስቶ ይገምታል። ግምት ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ያች አንድ ተኩል ዲሲቤል ናት። ያን ግምት ሳነሳው ሁለቱ መስመሮች ተደራረቡ። የኋላ ኋላ የመመረቂያ ሥራዬ የተወለደው ከዚችው ክፍተት ነው። እንዴት ማጥበብ ይቻላል የሚል ነበር።

ሌላው የገረመኝ ደብተሩ ነው። የምርምር ማስታወሻ ደብተር ይሰጥሃል፣ ገጾቹ ቁጥር አላቸው። ቅጠል መገንጠል የለም። በእርሳስ መጻፍ የለም። የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፣ ምክንያቱም የተሰረዘው መነበብ አለበት። ገጹ ግርጌ ባዶ ከቀረ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል፣ በኋላ ማንም እንዳይጨምርበት። ቀን ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ። አጠገብህ ያለ ሰው አንብቦ ምስክር ሆኖ ይፈርማል። መጀመሪያ ላይ ቢሮክራሲ ነው ብዬ ሳቅሁ። የውል ፊርማ እንጂ ምርምር አይመስልም።

ነገሩ የገባኝ የተቋሙን ታሪክ ስሰማ ነው። በ70ዎቹ መጨረሻ ኮሪያ ውስጥ የቤት ስልክ ለማስገባት ተመዝግቦ መጠበቅ ግድ ነበር። ሊሸጥ ሊለወጥ የሚችለው መስመር በቤት ዋጋ ይሸጥ ነበር። እኛም ለሲም ካርድ ተመዝግበን ተራ የጠበቅንበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንግሥት የራሱን ዲጂታል የስልክ ማዞሪያ ለማሠራት 24 ቢሊዮን ዎን መደበ፣ በአምስት ዓመት የሚያልቅ። ለዚያ ጊዜ ኮሪያ የማይታሰብ ገንዘብ ነው። ያኔ የተቋሙ ኃላፊ ቼ ሱን-ዳል ነበሩ፣ በኋላ የኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሆነዋል። ተመራማሪዎቹ «ካልተሳካልን ማንኛውንም ቅጣት እንቀበላለን» ብለው ፈርመው ለመንግሥት ሰጡ። በኋላ «የደም ቃል» የሚል ስም ወጣለት። ቲዲኤክስ-1 የተባለው ማዞሪያ በ1986 አገልግሎት ጀመረ። የጀመረው ሴኡል ላይ አይደለም፣ እንደ ጋፕዮንግና ሙጁ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ነው። በ1987 የሀገሪቱ የስልክ መስመር 10 ሚሊዮን ሞላ።

ቀጥሎ ሲዲኤምኤ የሚባለው የሞባይል ስልክ ቴክኖሎጂ መጣ። አውሮፓ ጂኤስኤም በሚባለው ሌላ ቴክኖሎጂ ሲሄድ፣ ኮሪያ በ1991 ኳልኮም ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ውል ገብታ ገና ያልተፈተነውን መንገድ መረጠች። በ1996 ጃንዋሪ ኢንቾንና ቡቾን ላይ አገልግሎቱ ተከፈተ። ኳልኮም ለቴክኖሎጂው ከሚሰበስበው ክፍያ (ሮያሊቲ) የኤትሪ ድርሻ በውሉ ላይ ሰፍሮ ስለነበር፣ ኋላ በድርሻው ላይ ክርክር ሲነሳ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ድረስ ሄዷል። ታዲያ እንዲህ ያለ ቤት ማን ምን መቼ እንደሠራ ባይጽፍ ነው የሚገርመው። ከዚያ በኋላ በደብተሩ አልሳቅኩም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አዲስ ገቢዎችን ሁሉ ያስደነግጣል። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት ምዝገባ፣ ይቀድማል። ሐሳቡን ጽፈህ ታቀርባለህ፣ ይገመገማል፣ ይጠቅማል ከተባለ ማመልከቻው ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ኮንፈረንስ የሚላከው። የሐሳቡ ባለቤት ተቋሙ ነው፣ አንተ ፈልሳፊ ተብለህ ስምህ ይሰፍራል። የኔ ጓደኞች ሌላ ቦታ በየወሩ ሲያሳትሙ እኔ ተቀምጬ የፓተንት ቅጽ እሞላ ነበር። ይቀፋል። ለፕሮፌሰርነት የሚሮጥ ሰው እዚህ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው። ነገር ሠርቶ ማስረከብ የሚወድ ሰው ግን ቦታው ይስማማዋል።

ማስረከቡንም አየሁት። የላባችንን አንድ የሶፍትዌር ክፍል ሊረከቡ ከአንድ አነስተኛ ኩባንያ መሐንዲሶች መጡ። ከሰዓቱን ሙሉ ኮዱን መስመር በመስመር እየሄድን አስረዳሁ። አንዷ መሐንዲስ አንድ ቁጥር ላይ ቆመች። «ለምን 0.75? ለምን 0.8 አልሆነም?» ደብተሩን ከፍቼ ቀኑን ፈለግኩ። ሁለቱም ተሞክረው ነበር፣ ውጤታቸው ጎን ለጎን ተጽፏል፣ ከስሩ የኔና የምስክሩ ፊርማ አለ። በስልኳ ልታነሳው ስትል ባክሳኒም ሳቅ ብሎ «ፎቶ አይቻልም፣ ኮፒ እንሰጥሻለን» አላት።

የቋንቋው ጉዳይ ሁሌ ይጠየቃል። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው። ስብሰባው ግን ብዙ ጊዜ በኮሪያኛ ነው፣ የድሮ ኮዶች ውስጥ ያለው ማብራሪያም እንደዚሁ። በትርጉም መተግበሪያ መንቀሳቀስ ይቻላል፣ ግን ቀልዱ ያመልጥሃል፣ ከቀልዱ ጋር ደግሞ ግማሹ ወሬ። ፊደሉን ከመምጣታችሁ በፊት ልመዱት። ለኛ ፊደል ለለመድነው አይከብድም። በኮሪያ ጦርነት የዘመተውን የኛን የቃኘው ሻለቃ ታሪክ የሚያውቅ ሽማግሌ ታክሲ ውስጥ ሲያገኛችሁ በደንብ ያከብራችኋል። የላብ ኃላፊው ግን የሚያየው ግራፋችሁን ነው።

«ወደ ሀገር ቤት ስትመለስ ይህ ምን ይሠራልሃል?» የሚሉኝም አሉ። ሀገራችን በ2012 ዓ.ም. (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል አቋቁማለች፣ አሁን ኢንስቲትዩት ሆኗል። የመንግሥት ቤት ነው፣ እንደ ኤትሪ። የኮሪያን በጀት ይዞ መሄድ አይቻልም። ቁጥር ያላቸው ገጾችና የምስክር ፊርማ ግን ከደብተር ዋጋ በላይ አያስወጡም፣ አንድ ቡድን ብቻውን ነገ ሊጀምራቸው ይችላል።

ማመልከቻ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ ለስፕሪንግና ለፎል ተርም። ቀኑ ከዙር ዙር ስለሚለያይ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ እዩ። ከዚያ በፊት ግን ከአማካሪው ጋር ተነጋግራችሁ መጨረስ አለባችሁ፣ ለዚህም ወራት ያስፈልጋል። ኮስት ሼሪንጉን ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሩት።