ጣና ላይ ነፋሱ በነጻ ነው

ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሄድ ሰው በጠዋት ቢነሳ ይሻለዋል። ከሰዓት በኋላ ጣና ጠባዩ ይለወጣል። እኛ ስንሄድ ውሃው ረግቶ ነበር፤ ማገዶ ጭነው ወደ ባህር ዳር የሚቀዝፉ ባለ ደንገል ታንኳዎችን ሰላም እያልን አለፍን። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተን፣ ጫካው ውስጥ ቡና ጠጥተን ስንመለስ ግን ነፋሱ ተነስቷል። ማዕበሉ ጀልባዋን በጥፊ እየመታ ሁላችንንም አራሰን።

ጀልባ ነጂው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቢጫ ጀሪካናቸው እንዳይንሸራተት በእግራቸው ደግፈውታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ነፋስ እያለ ነዳጅ ይገዛሉ?» አልኳቸው ለጨዋታ።

«ነፋሱማ በነጻ ነው ልጄ። ችግሩ እኔ ወደማልፈልገው ነው የሚወስደኝ!»

ተሳሳቅን። ነዳጅ ሲጠፋ ግን ጀልባዋ ታስራ እንደምትውል ሲነግሩኝ አልሳቁም።

«የነፋስ ኃይል ከነዳጅ ጥገኝነት ያላቅቀናል» ሲባል እንሰማለን። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ነዳጃችንን ከውጭ እንገዛለን፤ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ይገባል። መብራታችን ግን ድሮም ከነዳጅ አይደለም፣ ከውሃ ነው። ይሄው ጣና እንኳ በ2002 ዓ.ም. ለተመረቀው ለ460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ጣቢያ ውሃ ይሰጣል። ስለዚህ ነፋስ የሚያዞረው የመብራት ማመንጫ፣ ተርባይን፣ ስለተተከለ ብቻ አንድ ቦቴ አይቀርም። ነዳጁን የሚጠጡት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጀልባውና የመስኖ ሞተሩ ናቸው። እነሱ ወደ ኤሌክትሪክ መዞር አለባቸው።

ተርባይኑም የግድ ጣና ዳር አይተከልም። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚነሳ ነፋስ ሰው ያርሳል እንጂ ብዙ ርቀት አያስኬድም። የተሻለ ነፋስ ያለባቸው አዳማና መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ ናቸው። አዳማ ሁለት የሚባለው የነፋስ ማመንጫ ብቻውን 153 ሜጋ ዋት ነው። የሚያመነጨው የአገሪቱ ዋና የመብራት መስመር ውስጥ ይገባል፤ ባህር ዳርም ከዚያው መስመር ነው የምትጠቀመው።

በማግስቱ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ፎገራ ላይ ወረድኩ። ጉማራ ወንዝ ዳር አንድ ወጣት የውሃ ሞተሩን ገመድ ደጋግሞ ሳበ፤ ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ቱቦው ተወጠረ። ውሃው ሽንኩርቱ ውስጥ ገባ። በጋውን ሙሉ እንዲህ ነው። ሽንኩርት ሲረክስ የሞተሩ ነዳጅ ትርፉን ይበላዋል አለኝ።

እኔን የገረመኝ ወቅቱ ነው። እነ አዳማ ላይ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ግድቦች በሚጎድሉበት ጊዜ። የፎገራ ሞተሮች ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚጮሁትም ያኔ ነው። ክረምት ላይ ግድቡ ሞልቶ ይጠብቃል፣ በጋ ላይ ነፋሱ ያግዘዋል። ሁለቱ የተማከሩ ይመስላሉ። የቀረው ሽቦው እስከ ማሳው መድረሱ ነው።

ልጁን «መብራት ቢገባልህ ሞተሩን ትቀይራለህ?» አልኩት። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመብራት ምሰሶ በአገጩ አሳየኝ።

«ያው እዚያ ቆሟል እኮ። ፓምፑን በብድር የሚሰጠኝ ካገኘሁ፣ ይሄን ለብረት ገዢ ነው የምሸጠው።»