«ቦሉዶ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ሰሞኑን ከቦነስ አይረስ ለመጣ አጭር ፊልም የእንግሊዝኛ ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። ሌላው ንግግር ይሄድልኛል። «ቦሉዶ» ላይ ስደርስ ግን እቆማለሁ።

ቃሉ የመጣው «ቦላ» ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ነው፣ ኳስ ማለት ነው፣ በአራዳ ቋንቋ ደግሞ የወንድ ፍሬ። ከዚያ ቂል፣ ደደብ ማለት ሆነ። አርጀንቲናዎች ግን ጓደኛቸውንም «ቼ፣ ቦሉዶ»፣ ስማ፣ ቦሉዶ እንደማለት፣ ብለው ነው የሚጠሩት፣ ሴቶቹም እርስ በርስ «ቦሉዳ» ይባባላሉ፣ ማንም አይቀየምም። እኛም ለምንወደው ጓደኛ «አንተ ጀዝባ» እንል የለ! እ.ኤ.አ. በ2013 የስፔኑ ኤል ፓይስ ጋዜጣ አገርህን የሚወክል አንድ ቃል ምረጥ ሲለው አርጀንቲናዊው ገጣሚ ሁዋን ኸልማን የመረጠው ይህንኑ ነው። ደስ ይለኛል ይሄ ነገር። ስንት የሚያምር ቃል እያለ!

ፊልሙ ላይ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። መጀመሪያ ሲገናኙ እየተቃቀፉ «ቦሉዶ» ይባባላሉ። መሃል ላይ አንዱ ወሬ ሲሰማ በድንጋጤ «ኖ፣ ቦሉዶ!» ይላል። መጨረሻ ላይ በብድር ገንዘብ ሲጣሉ ደግሞ «ሶስ ኡን ቦሉዶ»፣ አንተ ቦሉዶ ነህ፣ ይመጣል፣ ያ ስድብ ነው። ሲጠሩበት ፍቅር የነበረው «ነህ» ሲባልበት ይመርራል። ያ ስድብ የሚያመው ደግሞ ሲቃቀፉ የተባባሉት ያው ቃል ስለሆነ ነው።

ቀላሉ መንገድ መጀመሪያው ላይ «ዱድ»፣ ወዳጄ እንደማለት፣ መጨረሻው ላይ «ኢዲየት»፣ ደደብ፣ ብሎ ማለፍ ነው። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ እኔ ግን አልወደድኩትም፣ ምክንያቱም «ዱድ» ልጁን ካሊፎርኒያ ይወስደዋል፣ «ሜት» ብለው ደግሞ ለንደን ወይ ሲድኒ ይገባል፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በሁለት ቃል ከከፈልኩት ተመልካቹ አንዱ ቃል ሲገለበጥ አያይም።

ስለዚህ ሁለቱም ቦታ «ኢዲየት» አደረግኩት። እንግሊዝኛም እየሳቁ ሲሉት ይለዝባል፣ ደግሞ ፊልም ነው፣ ድምፁም ፈገግታውም እዚያው አለ። መጽሐፍ ቢሆን አልደፍረውም ነበር። የመሃሉን አወጣሁት፣ ድንጋጤው ፊቱ ላይ አለ፣ ሰብታይትል ደግሞ ከሁለት መስመር በላይ ቦታ የለውም።

ነገ ለፊልሙ አዘጋጅ እልካለሁ። መጀመሪያው «ዱድ» ይሁን ካለኝ እከራከረዋለሁ።